ከጓዳ የሚመልሰው ድምፅ

ግንቦት 14፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ

የኔ ዓለም፣ የሆዴ ልጅ፣

እንዴት ነሽ? ብርዱስ እንዴት አደረገሽ? ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ብለሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ሳቂ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ባለፈው ስትደውዪ «እማዬ፣ ድምፅሽ ጤና በጤና ሆኗል፤ እንግዲህ ዘንድሮ ሳልመጣ ብቀርም አልሰጋም» አልሽ። ሰማሁሽ። የመለሰልሽ ግን እኔ አይደለሁም።

ነገሩ የጀመረው መናኸሪያው ውስጥ ነው። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ አውቶቡስ ቢዘገይም፣ ጭራሽ ቢቀርም፣ ሰው እንዳይደናገጥ ማይክራፎን ይዞ ረጋ ብሎ መናገር ነው። የዚያን ቀን «አውቶቡሱ እየመጣ ነው፤ በትዕግሥት ጠብቁ» ብዬ ማይክራፎኑን አጠፋሁና ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ብርጭቆውን ሳነሳ ድምፅ ማጉያው በእኔው ድምፅ ደገመው። ሻይ ሻጯ «አንቺ እዚህ፣ ድምፅሽ እዚያ» ብላ ሳቀች። ድምፄን ቀርጸውት ይሆናል ልላት አፌን ብከፍት ምንም አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል ተናግሬ አላውቅም። ሐኪሙ ጉሮሮዬን አይቶ «ጤነኛ ነው» አለ። እኔ ግን ከሰውነት ተራ ወጥቻለሁ፤ ቀሚሴን በመርፌ ቁልፍ አጥብቤ ነው የምለብሰው። ለካ ሰው ሲያወራ ነው የሚተነፍሰው። ሳላወራ ምግቡም አይወርድልኝ፣ እንቅልፉም አይመጣ። ድምፄ ግን ተመችቶታል። ጎረቤቴ «ዛሬም ስታንጎራጉሪ ዋልሽ፤ እሰይ» ትለኛለች። ራሴን ነቅንቄ አልፋለሁ።

አንቺ ስትደውዪ ስልኩን አነሳለሁ። አፌ እንደተዘጋ፣ ከጓዳ «ወዬ የኔ ልጅ» ይላል። ገብቼ አይቻለሁ፤ ከድስትና ከባልዲ በቀር ምንም የለም። ቆሜ ሁለታችሁን አዳምጣለሁ። ከኔ የተሻለ ጨዋታ ያውቃል፤ እውነቴን ነው፣ ቀንቼበታለሁ። ስለ ጤናዬ ስትጠይቂው «ደህና ነኝ፣ አታስቢ፣ አትልፊ» ይልሻል። ያስተማርኩት እኔው ነኝ፤ ዕድሜ ልኬን ሌላ ምን ስል ኖርኩ?

ፈራሁ፣ ልጄ። ሳላይሽ እንዳልቀር ፈራሁ።

ይህ ሲደርስሽ መደወልሽ አይቀርም። ድምፄ ይስቅና «ማን ነው እንዲህ ያለ ነገር የጻፈልሽ? ደህና ነኝ» ይልሻል። አትመኚው። ነይ።

ከክፉ ይሰውርሽ፣ መንገድሽን ቀና ያድርግልሽ። በሩን ስታንኳኪ ከውስጥ «ደህና ነኝ፣ ተመለሺ» የሚል ብትሰሚም ግፊው፤ ከጀርባው ቆሜ እጠብቅሻለሁ።

ደህና ያልሆንኩት
እናትሽ