ለሁለት የተከፈለው ድንጋይ

ለወንድሜ ለነጅሙዲን፣ አሰብ።

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። ሰላምታዬ ከቆቦ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በጤና ያግኝህ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? የወደቡ ሸክም ወገብህን አልጎዳውም? ራህመትስ ደህና ናት? ትንሹ ሰላሁዲን ጥርስ አወጣ? እኔ ለአላህ ምስጋና ይግባውና አለሁ። የሚጽፍልኝ አራጌ ነው፤ ከአፌ የወጣውን እንጂ አንድ ቃል እንዳያሳምር አስምዬዋለሁ።

ነጅሙ፣ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። እናታችን ኡሙሃኒ ጥቅምት በገባ በአምስተኛው ቀን ወደ አኼራ ሄዳለች። የወሰዳት ራብ ነው። ሌላ በሽታ ነው ብዬ ብዋሽህ ደስ ባለኝ። አይዞህ የምልበት አፍ የለኝም፤ እንዴት እንደሆነ ግን ከእኔ ስማው።

ያ አባታችን ከመቀሌ ወዲያ አሞሌ ሲያመላልስ ያመጣው፣ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለው ድንጋይ ትዝ ይልሃል? ሊሞት ሲል «የሁለታችሁ ነው፣ እኩል» ያለን። በሬዎቹ አልቀው፣ ጎታው ተጠርጎ የቀረን እሱ ብቻ ነበር። መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ እንዲህ ያለ ድንጋይ የሚሰበስብ ፈረንጅ ቆቦ ገብቷል ሲሉኝ ይዤ ሄድኩ። ገልብጦ ገልብጦ አየውና፣ ይህ የባሕር እንስሳ ነበር፣ ከስንት ዘመን በፊት ድንጋይ ሆኗል ብሎ በአስተርጓሚ ነገረኝ። እኛ ጠብታ ውሃ አጥተን እያለቅን እሱ የባሕር ወሬ ያወራል፤ ሳቄ መጣ። ግን የሁለት ኩንታል ማሽላ ዋጋ እሰጣለሁ፣ ነገ ረፋድ ላይ እነሣለሁ አለ።

ለእናታችን ስነግራት ከተኛችበት ቀና አለች። «ግማሹ የነጅሙ ሐቅ ነው። ሳይፈቅድ የሰው ሐቅ በልቼ ጌታዬ ፊት አልቀርብም» አለች። አንተን እንዳልጠይቅ ደብዳቤ ደርሶ እስኪመለስ ወር ይፈጃል። የድርሻውን ገንዘብ አስቀምጥለታለሁ ብዬ ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፤ ሳይፈቅድ መሸጡም ያው ነው ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እንግዲያው ያንተን ሳልነካ የራሴን ልሽጥ ብዬ ድንጋይ ጠራቢው አያሌው ዘንድ ወሰድኩት። እጀ ብልህ ነው፣ እኩል ለሁለት ሰነጠቀው። በሬ አርደን ሥጋ እንደምንካፈለው፣ ግማሹ ግማሽ ዋጋ የሚያወጣ መስሎኝ ነው። ፈረንጁ ስብራቱን በጣቱ ዳሰሰና ራሱን ነቀነቀ። ያዘነም መሰለኝ። የሚፈልገው ሙሉውን እንደነበር ነግሮኝ፣ ጥቂት ብስኩት ሰጥቶኝ ሄደ። እናታችን ከብስኩቱ አንዱን ቀመሰች። በስድስተኛው ቀን አረፈች።

አንተ ብትኖር «ምን ሐቅ ሐቅ ትላላችሁ፣ ሽጡት» ትል ነበር። ያኔም አውቀው ነበር። እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ወንድሜ።

ራህመትን እቀፍልኝ። ሰላሁዲንን፣ አያቱ ሳታየው ስሙን እየጠራች እንደሄደች ሲያድግ ንገረው። ጎረቤታችን ኡሙሰልማ ሰላም በዪልኝ ብላለች፤ ከዚያ ሁሉ ቤተሰቧ የተረፈችው እሷ ብቻ ናት። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ሾፌሩ ከበደ ግማሽ ድንጋይህን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞልሃል። የእኔን ግማሽ እናታችን ራስጌ አስቀምጬዋለሁ። ዘንድሮ መቃብሩ ብዙ ነው፣ ምልክት ያለው የለም። እኔ ባልቆይህ እንኳ ግማሽህን ይዘህ ና፤ የሚገጥምልህ ድንጋይ ያለበት መቃብር የእሷ ነው።

እህትህ ሰይዳ
ቆቦ፣ ኅዳር 12 ቀን 1966 ዓ.ም.