የተረፉት አራት ብሎኖች

ለልጄ፤

ስሜን ሰረቁኝ። ያልገዛሁትን ገዝተሃል፣ ያልፈረምኩትን ፈርመሃል ተብዬ በሰባ ስምንት ዓመቴ ባለዕዳ ተባልኩ። ሰላምታ መቅደም እንዳለበት አውቃለሁ፤ ግን የሆዴን ይዤ ደህና ነሽ ወይ ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል። አሁን ስለተናገርኩ እጠይቅሻለሁ። ጤናሽ እንዴት ነው? ልጅሽ ኮራስ፣ ያ ሳል ለቀቃት? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሱም ቢሆን አርባ አንድ ዓመት በመስታወት ፋብሪካው ሲሚንቶ ላይ የቆመ ጉልበት ነውና አልፈርድበትም።

ዘጠኝ እሑድ ሳትመጪ ቀረሽ። ስልክም አታነሺም። በመጨረሻ ያወራን ቀን ዕዳ ሰብሳቢ እንደደወለልኝ ነግሬሽ፣ በስሜ የተበደረውን ሰው ማንም ይሁን ማን ለሸሪፉ ሰጥቼ አሳስረዋለሁ አልኩ። አንቺ ምድጃ ላይ የጣድኩት አለ ብለሽ ዘጋሽው። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ልንገርሽ። በፋሲካ ሰሞን አንቺንም በራስሽ ዕዳ ሰብሳቢዎች እንደሚያስጨንቁሽ ነግረሽኝ ነበርና፣ ይጠቅምሻል፤ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

የደወለው ሰውዬ ዴንተን ይባላል። «አባባ፣ ከቤት ዕቃ መደብር በዱቤ የወሰዱት ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት ዶላር ደርሷል። ዛሬ ሃያ አምስት ብቻ ይላኩልኝ፤ ለቅንነትዎ ምልክት ይሁን» አለኝ። «ቅንነቴን በሃያ አምስት ዶላር አልሸጥም። የምትለውን በወረቀት ላክልኝ» አልኩት። «ተቆጡ እንዴ አባባ?» ብሎ ሳቀ። «ገና ነኝ» ብዬ ዘጋሁበት።

ያቺ ሃያ አምስት ዶላር ወጥመድ ናት። ጎረቤቴን ዋልዶን ታውቂዋለሽ። የመክሰሻ ጊዜው ያለፈበትን የድሮ ዕዳ ቢጠይቁት፣ ጨዋ ልምሰል ብሎ አሥር ዶላር ላከላቸው። በእኛ ግዛት ሕግ ትንሽም ብትሆን ከከፈልሽ ጊዜው እንደ አዲስ መቆጠር ይጀምራል። በሦስተኛው ወር የፍርድ ቤት መጥሪያ ደረሰው። እስከ ዛሬ «ጨዋነቴ ነው ጉድ የሠራኝ» ይላል። ጉድ የሠራህ አለማንበብህ ነው ብዬ አጥሩ ጋ ቆሜ ነግሬዋለሁ።

ወረቀቱ በሳምንቱ መጣ። ሦስት ቀን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ሕጉን አነበብኩ። ወይዘሮ ፕሩዊት መጻሕፍቱን ስታቀብለኝ «በዚህ ዕድሜህ ጠበቃ ልትሆን ነው?» አለችኝ። «የለም፣ ሐቀኛ እንደሆንኩ ልሙት ብዬ ነው» አልኳት።

ሕጉ እንዲህ ነው። የሰብሳቢው ማስታወቂያ በደረሰሽ በሠላሳ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ከተቃወምሽ፣ ማስረጃውን እስኪልክልሽ ድረስ መጠየቁን ማቆም አለበት። በስልክ መጮህ አያስቆመውም። እኔ ግማሽ ገጽ ጻፍኩ፤ ዕዳውን አላምንም፣ መጀመሪያ ያበደረው ማን እንደሆነ ከነአድራሻው አሳውቁኝ፣ የተፈረመውን ወረቀትና ገንዘቡ እዚህ የደረሰበትን ሒሳብ ላኩ አልኩ። አልለመንኩም፣ የኑሮዬንም ታሪክ አላወራሁም። አንቺ ብዕር ስትይዢ ታሪክ ትጀምሪያለሽ፤ ተይ። በአደራ ደብዳቤ ላኪው። የተረከበው ሰው የፈረመባት አረንጓዴ ካርድ ተመልሳ ትመጣልሻለች፤ እሷን እንዳትጥያት። የእኔ በእናትሽ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ናት።

ስልኩ ጸጥ አለ። ከሃያ ቀን በኋላ ማስረጃው መጣ፤ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ከስምንት ዓመት በፊት፣ በሚያዝያ ወር። አንድ የልብስ ማጠቢያ ማሽን። ከሥሩ መሳቢያ ያለው አንድ ነጭ የሕፃን አልጋ። ዕቃው የደረሰበት፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለው ቢጫ ቤት፣ ፎቁ ላይ። ከታች የእኔ ስም ተፈርሟል።

መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩ። በዚያ ሚያዝያ እኔ ራሴ አንቺ ቤት እንዲህ ያለ አልጋ ገጣጥሜ ነበር። አራት ብሎን ተረፈኝ። እንዴት ይተርፋል ብዬ ሁለት ጊዜ ፈትቼ ሁለት ጊዜ ገጠምኩት። «አባዬ፣ አልጋው እኮ ቆሟል፤ ያልቆምከው አንተ ነህ» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ከወለድሽ ሁለት ሳምንትሽ፣ ባልሽ ጥሎሽ ከሄደ ወሩ ነበር። አልጋው ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅሁሽም። አልጋው ከመምጣቱ በፊት ገንዘብ አበድረኝ ስትይኝ፣ የመረጥሽውን ኑሮ ራስሽ ቻይው ብዬሽ ነበር። እሱንም ከማስረጃው ጋር አንድ ላይ አስቀምጬ አየሁት።

ዕዳው የእኔ አይደለም ብዬ በመሐላ ብፈርም፣ ሸሪፉ ቀጥሎ የሚጠይቀኝ ታዲያ የማን ነው ብሎ ነው። ሳልከፍል ብቀርም ሊከሱኝ አይችሉም፤ የመክሰሻ ጊዜው አልፏል። ነገር ግን ያ ወረቀት በሰው እጅ እንዲቀር አልፈለግሁም። ስለዚህ ደግሜ ጻፍኩ። በላዩ የጨመራችሁትን ወለድና የአገልግሎት ክፍያ ከየት እንዳመጣችሁት አሳዩኝ፤ ካልቻላችሁ ዋናውን አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ዶላር ስከፍል ዕዳው እንደሚዘጋና የተፈረመበት ወረቀት ራሱ እንደሚመለስልኝ አስቀድማችሁ ፈርማችሁ ላኩ አልኩ። ዴንተን ደወለ። «አባባ፣ እንደ እርስዎ ያለ ሌላ አንድ ሰው ቢገጥመኝ ሥራዬን እለቅ ነበር» አለኝ። «እኔ አንዱ እበቃለሁ፤ ልቀቅ» አልኩት። በሳምንቱ ፈርመው ላኩ፤ ከፈልኩ፤ ወረቀቱ ተመለሰልኝ፤ ተዘጋ።

ከሸሪፉ ቢሮ ያመጣሁትን የመሐላ ቅጽ ሳልሞላው ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ፊርማ ያለበትን ገጽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ቅጂ አላስቀረሁም። ለራስሽ ሰብሳቢዎች የሚሆን ደብዳቤም በጽሕፈት መኪናዬ መትቼልሻለሁ። በራስሽ ስም ፈርሚና ሠላሳው ቀን ሳያልፍ ላኪው።

እሑድ ባቄላና የበቆሎ ዳቦ አለ። ኮራን ይዘሻት ነይ። ያ አልጋ እስከ ዛሬ ቤትሽ ካለ መጥቼ እፈታዋለሁ፤ አራቱ ብሎኖች እስከ ዛሬ የምስማር ጣሳዬ ውስጥ ናቸው። እግዚአብሔር የልጅሽን ደረት ይፈውስ፤ ቤትሽን ያጽና፤ ደጅሽን የሚያንኳኳው ሁሉ ወዳጅ ይሁን።

ስለዚህ ነገር ከዛሬ በኋላ አልናገርም፤ አንቺም አታነሺብኝ። ደጄ ላይ ቆመሽ ብትጀምሪ፣ ወንዙ ስንት ጫማ ሞላ ብዬ እጠይቅሻለሁ።

አባትሽ