በገዛ ባሌ ላይ የጨመርኩት ዋጋ

ኪዮቶ፣ ኖቬምበር 12። የጠዋቱ ግዢ፦ ሁለት የሳኬ ማንቆርቆሪያና አንድ አሮጌ የቆርቆሮ መጫወቻ ባቡር።

ሳዮኮዬ፣ ስለ ባቡሩ ልንገርሽ። እኛ ካናዛዋ የምንጫረተው በጩኸት ነው፤ እዚህ ግን ነጋዴው ዋጋውን በእንጨት ጣባ ውስጥ ይጽፍና ጣባውን ደፍቶ ወደ አጫራቹ ይገፋል። ማን ስንት እንዳለ አይታይም። የእኛን ጣባ የያዘው ኢሳኦ ነበር፤ እኔ የገዛነውን ዕቃ እየጠበቅኩ ከኋላ ተቀምጫለሁ።

ከጎኑ ያቺ አሻንጉሊት ነጋዴዋ መበለት፣ ኩኒኤ፣ ተቀምጣለች። ባቡሩ ሲቀርብ በጆሮው አንድ ነገር አለችውና ሁለቱም ሳቁ። ከእኔ ጋር እንደዚያ ከሳቀ ስንት ዘመኑ! አትርፈን የምንሸጠውን ባቡር ሊተውላት ነው ብዬ ጠረጠርኩ። አጠገቤ ካሉት ሽማግሌ ጣባ ተዋስኩና ትልቅ ዋጋ ጽፌ ገፋሁ።

አጫራቹ ጣባዎቹን ገለበጠ። «አንደኛ፣ ወይዘሮ ሺዝኤ! ሁለተኛ... ባለቤታቸው!»

አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ።

«ምን ነካሽ አንቺ ሴት?» አለኝ ኢሳኦ። «ከራስሽ ኪስ ጋር ትጫረቻለሽ?»

«ምነው፣ የኔ ገንዘብ ገንዘብ አይደለም?» አልኩት።

ኩኒኤ ለካ ጣባዋን እንኳ አልነካችም። ባቡሩን ካልፈለገችው ታዲያ በምን ነበር የሚሳሳቁት? ከጠፋው ትርፍ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ብጠይቀው «ኧረ ተይኝ» ብሎ ተኛ።

ፖስት ካርዱ ሞላ። እማማን ሳሚልኝ፤ ጉልበታቸው ተሻላቸው? ነገም ጨረታ አለ። በሩ ሳይከፈት ደርሼ ከኢሳኦ ጎን ያለውን መቀመጫ እይዛለሁ።

ሺዝኤ