ሰይድ ስለሠራው የኩሽኔታ ሜዳ

ውዴ ሰይድ፣

ካረፍህ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እስካሁን ያልጻፍሁልህ ረስቼህ ሳይሆን ደክሞኝ ነው። ዛሬም ደክሞኛል። ግን እሑድ ሳይደርስ ልነግርህ የሚገባ ነገር አለ።

ቤታችን እንዳለ ነው። ጋራዡን ወንድምህ ይዞታል፤ እሱም እንዳንተ መፍቻ ጠፋብኝ እያለ ሠፈሩን ያምሳል። ፎገራን ዘንድሮም ውሃ ዋጠው፤ ከቁሐር ሚካኤል ለገበያ የሚመጡት እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ሆኖ ነው ወረታ የሚገቡት። እኔ ሱቋን ከፍቼ እውላለሁ፤ ስኳር ሲመጣ ሰልፍ፣ ሲጠፋ ወሬ ነው።

ሜዳውን እንዴት እንደጀመርኸው ትዝ ይልሃል? ልጆቹ ጣውላ ሥር አሮጌ የመኪና ኩሽኔታ እየገጠሙ ጋሪ ይሠሩ ነበር። ጥቁሩ አፈር አላስኬድ ሲላቸው ደግሞ አውራ ጎዳናው ድልድይ ላይ ወጥተው ከመኪና ጋር ይጋፋሉ። ኩሽኔታውን የምትሰጣቸው አንተ ነበርህና፣ አንዱ ልጅ ከጭነት መኪና ሥር ለጥቂት ሲተርፍ እህል አልዋጥልህ አለ። የጋሪ መንጃ ሜዳ ልትሠራላቸው ከቤታችን ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ ቀበሌውን ለመንህ፣ ከመንገድ ሥራ የተረፈ ሲሚንቶ አፈላለግህ፣ ሠፈሩን አስነሣህ። እስላሙም ክርስቲያኑም ከርብ ወንዝ አሸዋ በአህያ አመላለሰ፤ እኔም ወገቤ እስኪቆረጥ ውሃ ቀዳሁ። የቁሐሩ ገበሬ አያ ታከለ፣ ይህ አፈር ክረምት ያብጣል በጋ ይሰነጠቃልና ቆፍረህ ሳታወጣው ሲሚንቶ አታልብሰው ብለው መከሩህ። አንተ ሳቅህና ሲሚንቶውን አለበስኸው። መስከረም ሲጠባ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ።

ከዚያ በኋላ ክረምት በወጣ ቁጥር ከልጃችን ከኑሩ ጋር ተንበርክካችሁ ስንጥቁን ስትደፍኑ፣ የሠፈሩ ልጆች ጋሪያቸውን አቅፈው እስኪደርቅ ይጠብቁ ነበር። ግትርነትህ ያናድደኝ ነበር። አሁን ናፈቀኝ።

አምና ጥቅምት ላይ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት እየታፈሰ ነው የሚል ወሬ ከተማውን ሞላው። እናቶች ልጆቻቸውን ደበቁ፤ አንዳንዷም ይፋግ ዘመድ ቤት ላከች። እኔስ? ሜዳህ ፈርሶ ማየት አልሆንልኝ ብሎ ኑሩን ሂድና ድፈነው አልሁት። ነገ ይሁን እማ አለኝ። አባትህ ቢሆን ይህን ጊዜ ጨርሶት ነበር፣ አታፍርም ወይ ብዬ ተቆጣሁት። ባልዲውን አንሥቶ ወጣ። እሱን ያዩ አራት ጓደኞቹም ሊያግዙት ከየተደበቁበት ወጡ። የአፈሳው መኪና መጣና አምስቱንም ጭኖ ሄደ።

ከኑሩ ደኅና ነኝ የምትል አንዲት ቁራጭ ወረቀት ደርሳኛለች። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም።

ሰዉ የሚወቅሰው አንተን ነው። ሰይድ ለልጆቻችን ወጥመድ ሠርቶ ሞተ ይላሉ። ዓመት ሙሉ ይህን እየሰማሁ ዝም አልሁ። አንተ መልስ አትሰጥም፤ እኔም በዚያ ተከለልሁ። አፈሳው እንደገና ሊጀመር ነው ስለተባለ እሑድ ተሰብስበው ሜዳውን ሊያፈርሱት ነው። ሰሞኑን እንኳ ሴቶቹ ልጆች ወንድሞቻቸው ጥለውት የሄዱትን ጋሪ እያወጡ ይንሸራተቱበታል። ሲስቁ ስሰማ መጀመሪያ ተናደድሁ፤ ቆይቶ ግን በር ላይ ቁጭ ብዬ አየኋቸው።

እሑድ እሄዳለሁ። ሜዳው ይፍረስ አይፍረስ ብዬ ለመከራከር አቅም የለኝም። ኑሩን በዚያ ቀን ያስወጣሁት እኔ እንደሆንሁ፣ አራቱ እሱን አይተው እንደወጡ ግን በእናቶቻቸው ፊት እናገራለሁ። ከዚያ ወዲያ ቤቴን የሚረግጥ ጎረቤት ላይኖር ይችላል። ይሁን። በሕይወት እስካለሁ ልጆችን መኪና እንዳይበላቸው የለፋ ሰው አድርጌ አስታውስሃለሁ፤ ሠፈሩም እንዲያ እንዲያስታውስህ አደርጋለሁ።

አንተን አላህ ይማርህ። እኔን እነሱ ይማሩኝ እንደሆን እሑድ አያለሁ።

ሚስትህ ዘይነባ