ፒያኖህን ዘይት ያጠጣው ማን ነው?

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለሌዮንሲዮ፤

እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህ የዚያን አገር ብርድ ቻለው ወይ? ሚስትህን ግራሲዬላን ሳሏ ለቀቃት? ልጅህ ኢርማስ ትበላለች ወይስ እንደ ድሮው ሳህኑን ታያለች? እኔ ጉልበቴን ሳልቆጥር ደህና ነኝ። የባሕሩ እርጥበት ግን ግድግዳውንም እኔንም እያላበን ነው።

የምጽፍልህ ስለ ፒያኖህ ነው። ስትሄድ ከኦቢዲዮ በቀር ማንም እንዳይነካው አደራ ብለኸኝ ነበር። እኔ ግን ያንን ሰው ገና ከበር ሲገባ አላመንኩትም። ፒያኖ ቃኚ ሆኖ ጥፍሩ ሥር ጥቁር ነው፤ ሲሠራም ያፏጫል። በኦገስት መጥቶ ሠርቶ ሄደ። በሴፕቴምበር መጨረሻ የመካከለኞቹ ቁልፎች፣ ክሩን የሚመቱት ትናንሽ መዶሻዎች ከተነሡ በኋላ መመለስ አቃታቸው። ወዲያው የመሣሪያ ሣጥንህን ከፈትኩ። ቡርሹ አለ፤ ጫፉ ሱፍ የለበሰው እንጨትም አለ። ማለስለሻውን ጠብታ በጠብታ የምታደርግበት ባለ ቀጭን መርፌው ሲሪንጅ ግን የለም። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያሻኛል?

አስጠራሁት። መዶሻዎቹን ከነማቀፊያቸው አውጥቶ አሸተታቸው። «እትዬ ኤዱቢሂስ፣ ይኼን ዘይት ያጠጣው ማነው? የማቀፊያው ሱፍ እኮ ውሃ ውስጥ እንዳደረ ባቄላ አብጧል» አለኝ። «አንተ እንጂ ሌላ ማን! የወንድሜንም ሲሪንጅ መልስ» አልኩት። «የራሴ ሦስት አለኝ። ደግሞ እኔ የማደርገው በአልኮል የቀጠነውን ማለስለሻ ነው። ዘይት? ሰላጣ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ጎረቤት እየሰማ ሌባ ብዬ አስወጣሁት። በዚያው ሳምንት ሦስት ቤቶች ሥራ ከለከሉት።

ባለፈው ማክሰኞ ቀሚሴን ልጠቅም የስፌት መኪናዬን መሳቢያ ሳብኩ። ሲሪንጅህ እዚያ ተኝቷል፤ የስፌት መኪና ዘይት እንደሞላበት። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ከዝናቡ በኋላ አንድ ቁልፍ ሲይዝብኝ፣ ለዚህ ሰው አይጠራም ብዬ፣ መዶሻዎቹ በሚዞሩባቸው ስስ ሽቦዎች ላይ አንዳንድ ጠብታ ጣል አድርጌ ነበር። ለአንድ ሳምንት እንደ ቅቤ ለሰለሰና በራሴ ኮራሁ። ረስቼው ነው ወይስ ልረሳው ፈልጌ? በዚህ ራሴንም አላምንም።

ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። «እኔስ ይቅር ብያለሁ። ግን ሲሰድቡኝ የሰሙት ይኼንንም ይስሙ፤ ለሌዮንሲዮም በእጅዎ ይጻፉለት» አለኝ። ጎረቤቶቹን ትናንት ሰብስቤ ነገርኳቸው፤ ሁለቱ ቤቶች መልሰው ጠርተውታል፣ ሦስተኛው ገና ነው። ለአንተ ደግሞ ይኸው ጻፍኩ። እሱ አሁን ሳሎን ውስጥ ያበጠውን ሱፍ እያወጣ በአዲስ እየለወጠ ነው። ያፏጫል፤ ዝም አልኩት።

ግራሲዬላን ሳምልኝ፣ ሳትበረታ ወደ ንፋስ እንዳትወጣ። ኢርማን ጉንጯን ቆንጥጥልኝ። ሲሪንጅህን ለኦቢዲዮ ሰጠሁት፤ እፊቴ ሦስት ጊዜ በአልኮል አጥቦ ተቀበለኝ። የስፌት መኪናዬ ከእንግዲህ ቢንጫጫም ይንጫጫ።

እህትህ ኤዱቢሂስ
ማታንሳስ፣ ኦክቶበር 21 ቀን 1996