ግራጫው ዓረፍተ ነገር

ሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ቀኑን ሙሉ ስለ ግራጫ ቀለም ስንከራከር ዋልን። ከሌላ ሰው ብሰማው እስቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ሰነድ ሲጽፍ ሶፍትዌራችን የዓረፍተ ነገሩን ቀሪ ገምቶ በግራጫ ያሳየዋል። ከወደደው አንድ ቁልፍ ይጫናል፣ ግራጫው ይጠቁራል። ካልወደደው ጽሑፉን ይቀጥላል። ችግሩ... ሁሉም የሚቀጥለው ነው። የሚጫን የለም።

ትሬቨር፣ አለቃችን፣ እንደ ልማዱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ወደ እኔ ዞሮ «ሎርና፣ ሰዎቹ ለምን እንደሚሸሹት ፈልጊልኝ። አኑጃ፣ አንቺ ደግሞ አሳምሪው» አለ።

«እኔ ኬክ ጋጋሪ መሰልኩህ?» አለችው አኑጃ። ዲዛይነራችን ናት። ምላሷ አያርፍም።

ሐሳቧ ግን ቀላል ነው። ግራጫው ዝም ብሎ እየዘለለ አይግባ። የሰውየው እጅ እስኪቆም ይጠብቅ። ሲያመነታ ብቻ ብቅ ይበል። ወደድኩት። ከረቡዕ ጀምሮ በሰው እንሞክረዋለን።

ሾርባ አሙቄ በላሁ። የመኪናዬን የበረዶ ጎማ እስካሁን አላስገጠምኩም... በረዶ ሊጥል ነው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 6

የመጀመሪያዎቹ ተሳታፊዎች መጡ። የምንሰጣቸው ሥራ አንድ ነው፤ የማይረሱትን አንድ ቀን ይጽፋሉ። ሁለት ሳምንት ቆይተው ይመለሱና ስለጻፉት እናወራለን።

ዴል ሻንትስ የሚባል የቤት ማሞቂያ ጠጋኝ፣ ትልቅ ሰውዬ፣ የልጅነት ውሻውን መረጠ። ሳይጽፍ በፊት ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ነጭ ውሻ፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ። «ሪፕ ይባላል። ከወንድሞቼ ይልቅ እሱን ነበር የምወደው፣ እንዳትነግሪያቸው።»

ጻፈ ጻፈና «ሪፕ» ላይ ቆመ። ግራጫው «ቡናማ ጸጉር ነበረው» አለ። ዴል ጭንቅላቱን በአዎንታ ነቀነቀና ተጫነ።

ነጭ አይደል እንዴ ያሳየኸኝ? ልለው ነበር። የሥራዬ ግማሹ ዝም ማለት ነው።

ቢሆንም ተጫኑ! ዛሬ የመጡት ሁሉ ተጫኑ። አኑጃ ኮሪደሩ ላይ ጨፈረች።

ኀሙስ፣ ኖቬምበር 7

ወይዘሮ ዊላ ባውማን። ዕድሜ ልካቸውን የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዱ ናቸው። ልጃቸው ቨርና ከኤልማይራ ከተማ አምጥታቸው መኪና ውስጥ ስትጠብቅ ነበር።

«ብሳሳት አትቆጪኝም?» አሉኝ።

«እርስዎን አይደለም የምንፈትነው፣ ሶፍትዌሩን ነው።»

«እንግዲያው እሱ ይፍራ!» ብለው ሳቁ።

ባላቸው ኤላም የሞተበትን ቀን መረጡ። መጀመሪያ በቃል ነገሩኝ። ሆስፒታል ነበሩ። መኪናዋ የቆመችበት ቦታ የተከፈለበት ጊዜ ሊያልቅ ሆነና ሊያዛውሯት ወረዱ። ሲመለሱ ኤላም አርፏል። አጠገቡ የነበረችው ቨርና ብቻ ናት። «ለመኪና ብዬ...» አሉ። «ለመኪና! ይገርምሻል፣ ከዚያ ወዲህ ደህና እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።» ሁሉንም በቪዲዮ ቀርጬዋለሁ። ሙከራ ሁሌ ይቀረጻል።

ከዚያ በሁለት ጣት መጻፍ ጀመሩ። «ኤላም ሲሞት እኔ» ብለው እጃቸው ቆመ።

ግራጫው መጣ። «እጁን ይዤ ነበር።»

ረጅም ጊዜ አዩት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣም። ተጫኑ።

ከዚያ በኋላ ጣታቸው ፈጠነ። ሲወጡ ክንዴን ጨበጥ አድርገው «ደግ ማሽን ነው» አሉኝ።

ደግ? አያውቃቸውም እኮ። ብዙ ሰው የሚጽፈውን ነው የሚገምተው። ብዙ ሰው ደግሞ እጅ ይዞ እንደነበር ነው የሚጽፈው...

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 20

ዴል ተመለሰ። ጽሑፉን አሳየሁትና የትኛውን እሱ፣ የትኛውን ሶፍትዌሩ እንደጻፈ ጠየቅኩት።

«ሁሉንም እኔ ነኝ። ማን ሊሆን ኖሯል?»

«ቡናማ ጸጉር የሚለውንም?»

«ውሻዬን እኔ ነኛ የማውቀው!» ሳቀ። ጭኑ ላይ ሲተኛ ቡናማው ጸጉር ሱሪው ላይ እንዴት እንደሚቀር፣ እናቱ እንዴት እንደምትቆጣ ነገረኝ። ይህ በጽሑፉ ውስጥ የለም። ሶፍትዌሩም አላለውም።

ፎቶውን እንዲያሳየኝ ለመንኩት። አወጣው። ነጭ ውሻ፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ። አየው፣ አየው...

«ይሄ ሪፕ አይደለም» አለ። «የማን ውሻ እንደሆነ እንጃ።» ስልኩን ኪሱ ከተተው።

አልተናደደም። አልደነገጠም። እኔ ነኝ የደነገጥኩት።

ኀሙስ፣ ኖቬምበር 21

ወይዘሮ ዊላ አምሮባቸው መጡ። ፊታቸው ጠርቷል። እንዴት ሰነበቱ ብላቸው «የኔ ልጅ፣ እንደ ሕፃን ነው የምተኛው» አሉ።

ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኳቸው። ሁሉም የእኔ ነው አሉ። ስለ ኤላም እጅ አነሳሁ።

«ቀዝቅዞ ነበር። በጣም ከስቶ ስለነበር ቀለበቱ ጣቱ ላይ ይዞራል። እንዳይወድቅ በአውራ ጣቴ ያዝኩለት። እስትንፋሱ ሲቆም እዚሁ ተሰማኝ» ብለው መዳፋቸውን ዘረጉልኝ።

መዳፋቸውን አየሁት። ምን እንደምፈልግ እንጃ።

«መኪናዋስ?» አልኳቸው።

«መኪናዋ ምን ሆነች?»

ዓርብ፣ ኖቬምበር 22

ለትሬቨር ነገርኩት። የሁለቱን ብቻ አይደለም፤ ከተመለሱት አብዛኞቹ እንዲሁ ናቸው። አንዷ ያልነበረችበትን ሠርግ ሽታውን ሳይቀር ነገረችኝ።

ትሬቨር ብድግ አለ። የተቆጣ መስሎኝ ነበር። «ሎርና! የራሳችን ነው ይላሉ? እኛ የጻፍነውን የራሳችን ነው ይላሉ? ስንት ዓመት የፈለግነው ይሄንን አይደል እንዴ!»

«ትሬቨር፣ የሆነባቸውን እየረሱ ነው።»

«ሰው ይረሳል። አንቺ ባለፈው ዓርብ ምሳ ምን በላሽ?»

አኑጃን አየኋት። ጥፍሯን ትበላለች። ይህች ልጅ ዝም ስትል አይቼ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 26

ቨርና ደወለች። እናቷ በፈረሙት ወረቀት ላይ ስልኬ አለ።

«እናቴን ምን አደረጋችኋት?»

«ምን ሆኑ?»

«እጁን ይዤ ነበር ትላለች። ቤተ ክርስቲያን ለሰው ሁሉ ታወራለች። የያዝኩት እኔ ነኝ! ብቻዬን ነበርኩ እዚያ ክፍል ውስጥ። ከአባቴ የቀረችኝ ያቺ ደቂቃ ናት፣ እሷን ወሰደችብኝ።» አለቀሰች። ከዚያ ቀስ ብላ «ቪዲዮ ትቀርጹ የለ? ስለ መኪናው ነግሬያታለሁ ብላኛለች ያን ቀን፤ እሱን አሳያት» አለች።

ልስማማ? ሴትዮዋ ከስንት ዘመን በኋላ ተኙ። ልቀስቅሳቸው? ግን የቨርናስ...

እሑድ እመጣለሁ አልኩ።

ኀሙስ፣ ኖቬምበር 28

አኑጃ በራሷ አንድ ነገር ሠራች። ሰው ሲጫን ግራጫው እንዳይጠቁር፣ ለዘለዓለም ግራጫ ሆኖ እንዲቀር። ለአዳዲስ ሰዎች አሳየነው። አንድ ሁለቴ ተጫኑ፣ ግራጫውን አዩ፣ አጠፉት። ከዚያ ወዲህ በራሳቸው ጻፉ።

ትሬቨር ውጤቱን አይቶ «ይሄማ ሥራችንን የሚገድል ነው» አለ።

«አዎ» አለችው።

ሐሳቧ ተጣለ።

እሑድ፣ ዲሴምበር 1

ኤልማይራ። መንገዱ በረዶ። ወይዘሮ ዊላ የፖም ኬክ ጋግረው ጠበቁኝ። ቨርና ማድቤቱ በር ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማለች።

የመጀመሪያ ቀን የቀረጽኩትን ላሳይዎት ፈልጌ ነው አልኳቸው። ደስ አላቸው፣ መነጽራቸውን አደረጉ። ከፈትኩት።

ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ሹራባቸውን ለብሰው ስለ መኪናው ያወራሉ። ለመኪና ብዬ... ለመኪና! የቨርና ዐይን እናቷ ላይ ነው። የኔም።

ወይዘሮ ዊላ እስከ መጨረሻው አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይቺ ማናት?»

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ» አለች ቨርና።

«ሹራቡ የኔን ይመስላል።» ትንሽ አሰቡ። «ምስኪን። ባሏ ብቻውን ሞተባት። እንዴት አድርጋ ትተኛ ይሆን?»

«ብቻውን አልነበረም!» ቨርና ጮኸች። «እኔ ነበርኩ!»

«ስለሷ ባል ነው የማወራው፣ ልጄ።»

ወይዘሮ ዊላ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ ሰው እንዳይሰማባቸው ያህል በሹክሹክታ «የኔ ልጅ፣ ይቺን ሴትዮ ለሰው አታሳዪ። ታፍራለች። አጥፊላት» አሉኝ።

ከዚያ ኬክ ቆረሱልኝ። በላሁ። ምን ላድርግ?

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 3

አጥፊላት... ተሳታፊ ቪዲዮዬ ይጥፋ ካለ የማጥፋት ግዴታ አለብን። ግን ለራሳቸው ነው ወይስ ለሌላ ሴትዮ የጠየቁት? ደንቡ ይህን አይልም።

አላጠፋሁም።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 9

ቨርና ደወለች። ድምፅዋ ለስልሷል። ያቺ ያለቀሰችው ሴት መሆኗን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ።

«ቪዲዮውን አጥፊው። እናቴ እሷ ሴትዮ በሕልሜ ትመጣለች እያለች ትጨነቃለች።»

«አንቺስ? የአንቺ ደቂቃስ?»

«እያሰብኩት ነበር...» አለች። «እኔ በግራ በኩል ነበርኩ። እናቴ በቀኝ። አዎ፣ በቀኝ። ቀለበቱ እንዳይወድቅ ትይዝለት ነበር።»

«ቨርና፣ ብቻዬን ነበርኩ ነው ያልሽኝ።»

«ተናድጄ ይሆናላ።»

«ታዲያ መኪናዋን ማን አዛወራት?»

የቡና ማፍያ ድምፅ ከጀርባዋ ይሰማል። የእናቷም ዜማ፣ በአፍንጫ የሚዜም።

«የቷን መኪና?» አለች።

ቨርና ኪቦርዳችንን ነክታ አታውቅም። ግራጫውን አይታ አታውቅም። ከእናቷ ጋር አንድ ማዕድ ላይ ነው የተቀመጠችው፣ በቃ።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 13

ሶፍትዌሩ ዛሬ ለሁሉም ተለቀቀ። እንኳን ለዚህ አበቃን ተባለ፣ ዶናት መጣ። አኑጃ ወደ ሌላ ቡድን ከተዛወረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ኮሪደር ላይ ተገናኘን፣ ስለ አየሩ አወራን።

ለትሬቨር እንደምለቅ ነገርኩት። ከጃንዋሪ ጀምሮ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ከልቡ አዘነ። «ስሜትሽን አውቃለሁ» አለ። «እጅ እስኪቆም መጠበቁ መጀመሪያውኑ የአንቺ ሐሳብ ነበርና።»

«የአኑጃ ነበር።»

«አይ፣ ያንቺ ነው። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠሽ ስትናገሪ ትዝ ይለኛል።» ፊቱን አጠናሁት። አይቀልድም።

ከመውጣቴ በፊት የወይዘሮ ዊላን ቪዲዮ አጠፋሁ። ሁለቱም ጠይቀዋል። ሁለቱም ደህና ይተኛሉ። ልከለክል እኔ ማን ነኝ? አንድ ጊዜ ደግሜ ልየው ብዬ ነበር... አላየሁትም። ኮምፒውተሩ እርግጠኛ ነሽ ወይ አለኝ። አዎ አልኩት።

ባቡር ውስጥ ዐይኔን ጨፈንኩ። ስለ መኪናው ሲናገሩ፣ ሰማያዊ ሹራብ ለብሰው፣ ያንን ፊታቸውን ልይዝ ፈለግኩ። ቢያንስ እኔ ልያዝላቸው።

የመጣልኝ ክፍሉ ነው። አልጋው። በግራ ቨርና። በቀኝ ወይዘሮ ዊላ፣ ጎንበስ ብለው፣ አውራ ጣታቸው ቀለበቱ ላይ። መስኮቱ ላይ ቢጫ መጋረጃ።

እዚያ ሆስፒታል ረግጬ አላውቅም። ስለ መጋረጃ የነገረኝ ሰው የለም።

ግን ቢጫ ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ ተተልትሏል።