እየሩስ በስምሽ እንዳትቀበር

ዓቢዳ እህቴ፣

እየሩስ ዛሬ ጠዋት አረፈች። መርዶ በስልክ አይነገርም ብዬ ነው የጻፍኩልሽ። ደግሞ «ተይ፣ አትሂጂ» ብትይኝ እቀር ነበር።

ከአሠሪዋ ጠፍታ ሁሩብ ስለሆነች፣ ኢንሹራንስም ስለሌላት፣ በአንቺ የመኖሪያ ፈቃድ፣ በኢቃማሽ፣ ሆስፒታል አስተኛናት። አሁን በእነሱ ዘንድ የሞተችው አንቺ ነሽ። «ሙስሊም ናት፤ አሠሪዋ ካፊሏ ይፈርምና ነገ እዚሁ ትቀበራለች» አሉኝ። እናቷ ደብረ ታቦር ሆነው ሬሳዋን ሳያዩ፣ ፍትሐት ሳይደረግላት እንዴት ይሆናል? እውነተኛ ስሟን ልነግራቸው እየሄድኩ ነው።

ከተናገርኩ በኋላ አንቺን ይፈልጉሻል። ቱቅባ ቤታችን ሳይደርሱ ደማም ከተማ አክስትሽ ጋ ሂጂ።
ልብስሽን ሻንጣ ውስጥ ከትቼዋለሁ።
ምስሩ ምድጃው ላይ ነው፤ ሳትበዪ እንዳትወጪ።

ድንገተኛ ሕመም ከሆነ የመንግሥት ሆስፒታል ያለ ኢንሹራንስም ይቀበላት ነበር አሉኝ። ማናችንም አላወቅንም።

ኢቃማሽን ሳንለምንሽ ነበር ከቦርሳሽ አውጥተሽ የሰጠሽን።

ነርሷ «ዓቢዳ!» ባለቻት ቁጥር፣ አንቺን እንዳታስይዝ፣ እስከ መጨረሻው «አቤት» ስትል ነበር። ያልቻልኩት እኔ ነኝ።

ቦሰና